በመከራ ቀን የሚመጣ ነጋዴ

ሮድስ በምትባለው የግሪኮች ደሴት ረሀብ ገብቷል። እህል ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። በዚህ መካከል አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ ስንዴ ጭኖ ወደቡ ላይ ደረሰ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሕሊና ያለው፣ ከበደል የሚሸሽ ሰው ነው። ነገር ግን እሱ የሚያውቀው፣ የሮድስ ሰዎች ግን የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ሌሎች ብዙ መርከቦች እህል ጭነው ከኋላው ሲመጡ አይቷል። ይህን ቢናገር የስንዴው ዋጋ ወዲያው ይወድቃል። ዝም ካለ ግን በውድ ሸጦ ይመለሳል። ምን ያድርግ?

ጥያቄው የእኔ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ አቴና ለትምህርት ለላከው ልጁ በጻፈው ስለ ግዴታ የሚናገር መጽሐፍ ውስጥ ያነሣው ነው። ሲሴሮ ሁለት ፈላስፎችን ፊት ለፊት ያከራክራል። አንዱ የባቢሎኑ ዲዮጋንስ ነው (በርሜል ውስጥ ይኖር ነበር የሚባልለት ዲዮጋንስ ሌላ ነው)፤ ሁለተኛው የዚሁ ሰው ደቀ መዝሙር አንቲጳጥሮስ። መምህሩ፣ ሻጭ ሕግ ንገር ያለውን የዕቃውን ጉድለት ከተናገረና ካላታለለ፣ በተቻለው ዋጋ ቢሸጥ ማን ምን ይለዋል? ዝም ማለትና መደበቅ አንድ አይደሉም ይላል። ደቀ መዝሙሩ ደግሞ፣ ሰው የተፈጠረው ለሰው ነው፤ የወንድሞችህ ጥቅም ያንተም ጥቅም ነው፤ እህል እየመጣላቸው መሆኑን እያወቅህ እንዴት ትደብቃቸዋለህ? ብሎ ይመልሳል። ሲሴሮ በመጨረሻ ከደቀ መዝሙሩ ጎን ይቆማል።

እኔም ብሆን ከአንቲጳጥሮስ ጋር ነኝ። ሆኖም ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ሦስቱም ሊቃውንት ነጋዴው ከደረሰ በኋላ ስለሚያደርገው ነገር ይከራከራሉ እንጂ መጀመሪያ ለምን እንደ መጣ አንዳቸውም አይጠይቁም። ማዕበሉንና የባሕር ወንበዴውን ተጋፍጦ ሮድስ ድረስ ያመጣው ምንድነው? ርኅራኄ ሊሆን ይችላል። ይበልጥ የሚያስኬደው ግን የስንዴው መወደድ ወሬ እስክንድርያ ደርሶ መሆኑ ነው። ከኋላው ያሉትንም መርከቦች የጠራቸው ያው ወሬ ይመስለኛል። እንግዲህ የሮድስ ሰዎች የሚረግሙት ዋጋና የሚናፍቁት እህል የመጡት በአንድ መርከብ ነው። በመከራ ቀን ስለሚወጣ የዋጋ ተመን የሚነሣው ክርክር ሁሉ ከዚህ ቋጠሮ የሚነሣ ነው።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1996 ፍራን የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ሰሜን ካሮላይና መታ። ዛፍ ወድቆ መንገድ ዘጋ፤ መብራት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ከሚሆኑ ቤቶችና ድርጅቶች ጠፋ። መብራት ሲጠፋ በረዶ ብርቅ ይሆናል፤ የሕፃን ወተትና የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ቦታ የለምና። በዱክ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ማይክል ሙንገር ከዓመታት በኋላ እንደ ጻፈው፣ ጎልድስቦሮ ከምትባል፣ መብራት ካልጠፋባት ከተማ የተነሡ ጥቂት ጎረምሶች ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ተከራይተው በረዶ ጫኑ። መንገድ ላይ የወደቀውን ዛፍ በመጋዝ እየቆረጡ ራሌይ ከተማ ደረሱ። አንዱን ከረጢት ከ2 ዶላር ባነሰ ዋጋ ገዝተው በ8 ዶላርና ከዚያም በላይ ይሸጡ ጀመር። ሕዝቡ ተሰለፈ። እያጉረመረመም ቢሆን ገዛ። ጥቂት ቆይቶ ፖሊስ መጣና ዋጋ አንራችኋል ብሎ ልጆቹን ያዘ፤ መኪናውንም ከነበረዶው ወሰደው። በዚህ ጊዜ ተሰልፎ ይጠብቅ የነበረው ሕዝብ አጨበጨበ። በረዶ ሳያገኝ አጨበጨበ።

ሙንገር በዚህ ጭብጨባ ይሳለቃል። እኔ ግን ለመሳለቅ አልደፍርም። ከጭብጨባው በስተጀርባ ያለው ስሜት የተከበረ ስሜት ነው፤ በወንድም መከራ መክበር ነውር ነው የሚል ስሜት ነውና። ይህ ስሜት የሌለው አገር ውስጥ መኖር አልፈልግም። ችግሩ ስሜቱ ያረፈበት ሰው ላይ ነው። በዚያ ሳምንት በአካባቢው መኪናም በረዶም ኖሮት ቤቱ የተቀመጠ ስንት ሰው ነበር? ያ ሰው አልተያዘም፤ አልተሰደበም፤ ጋዜጣም ላይ አልወጣም። ለተቸገሩት አንድ ከረጢት እንኳ ያላደረሰው ሰው ንጹሕ ሆኖ ሲያድር፣ ብዙ ከረጢት ያደረሰው ታሰረ። ሕጋችንም ሕሊናችንም ያልመጣውን ሰው የሚያዩበት ዓይን የላቸውም። የሚታየን የመጣው ብቻ ነው፤ እሱንም የምናየው በእጁ ካለው የዋጋ ወረቀት ጋር ነው።

ወደ ሌላው ወገን ደግሞ እንሂድ። የሃርቫርዱ ማይክል ሳንዴል እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ፍትሕ ያሳተመውን መጽሐፍ የሚጀምረው በዚሁ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቻርሊ የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ሲመታ፣ አንዲት የ77 ዓመት አዛውንት ከቤተሰባቸው ጋር ሸሽተው በወትሮው 40 ዶላር የሚከራይ የሆቴል ክፍል 160 ዶላር እንደ ተጠየቁ ይተርካል። ሳንዴል የሚለው፣ ማዕበል ከኋላው እያባረረው ደጃፍህ ላይ የቆመ ሰው ነጻ ገበያተኛ አይደለም፤ ተገዶ የሚከፍል ሰው ነው። ስግብግብነትም መጥፎ ጠባይ ስለሆነ ደግ ኅብረተሰብ በመከራ ቀን ሊሸልመው አይገባም ባዮቹን ቁም ነገር አላቸው ይላል። ይህን ነጥብ ማለፍ አይቻልም። ሆኖም የሆቴሉና የበረዶው ነገር አንድ ነው? በረዶው ሲወደድ ከሌላ ከተማ ሌላ በረዶ ይመጣል። የሆቴሉ ክፍል ግን በዚያች ሌሊት ስለ ተወደደ ሌላ ክፍል በቅሎ አያድርም። (ተከራካሪ፣ ክፍል ሲወደድ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ክፍል ያድራል፣ ለሌላው ይተርፋል ይለኛል። እውነት አለው፤ ትንሽ እውነት።) የበረዶው ዋጋ ጥሪ ነው። የሆቴሉ ዋጋ ግን ይበልጡን ደፈጣ ነው።

ለእኔ ዋናው መለያ ይህ ነው። ድልድዩ ተሰብሮ ቀበሌው ከተቆረጠና ያለችው አንዲት ሱቅ ብቻ ከሆነች፣ ባለሱቁ የሻማ ዋጋ በአሥር እጥፍ ቢጨምር ማንንም አይጠራም፤ የሚሰማው የለምና። እዚያ ላይ ለጥቂት ቀን ዋጋ የሚወስን ሽማግሌም ሆነ ሹም ቢነሣ አልቃወምም። ድልድዩ ከተጠገነ በኋላ ግን ያው ተመን መኪናውን ከመንገድ የሚመልስ ኬላ ይሆናል። አብዛኛው መንግሥት የሚሳሳተው ተመን በማውጣቱ ሳይሆን ድልድዩ መቼ እንደ ተጠገነ ባለማየቱ ነው። ተመን ለማውጣት አንድ ቀን ይበቃል፤ ለማንሣት ግን ዓመታትም አይበቁም።

በእኛ አገር ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ እንደ ተነገረ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ሎሚው በሰዓታት ውስጥ ተወደደ። በሚቀጥሉት ቀናት በርካታ ሱቆች ታሸጉ። ብዙዎቻችን ደስ አለን። የማይካድ ደስታ ነው፤ ያ ባለሱቅ ትናንት በሳንቲም ይሸጥልን የነበረውን ዛሬ ፊታችንን አይቶ ዋጋ ሲጠራ ማን ደስ ይለዋል? ግን ከታሸገው በር በስተኋላ መሸፈኛው አብሮ ታሽጓል። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 በታተመው መጽሐፉ፣ ሕዝብ እህል አከማቺ ነጋዴን የሚፈራው ጠንቋይን እንደሚፈራው ነው ብሎ ነበር። እኛ ብንሆን ቡዳን እንደምንፈራው እንል ነበር። ስሚዝ እንደሚለው በመጥፎ ዓመት ዋጋን ቀደም ብሎ የሚጨምር እህል ነጋዴ፣ ስንቁ እስከ ወደብ እንደማያደርስ ያየ የመርከብ አዛዥ የሠራተኞቹን ድርሻ እንደሚቀንሰው ዓይነት ሥራ ይሠራል። ሰው በየካቲት ካልቆጠበ በሐምሌ የሚበላው የለውም።

ተመን ሲወጣ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ሌላም ነገር ይለወጣል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በአሥራ ሰባት ያህል ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አውጥቶ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ከአብዛኛዎቹ ላይ አንሥቶታል። ያ ጊዜ የተፈጥሮ አደጋ አልነበረም፤ ጠባዩን ለማየት ግን ይበቃል። ስኳርና ዘይት ከመደርደሪያው ጠፋ። ባለሱቁ ለማያውቀው ሰው «የለም» ይላል፤ ለሚያውቃት ጎረቤት ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለእርስዎማ አይጠፋም እትዬ፣ ማታ ብቅ ይበሉ» ይላል። ዕቃው በብር መገዛቱ ሲቀር በዝምድና፣ በትውውቅ፣ በሥልጣን፣ ወይም ሲነጋ ጀምሮ ተሰልፎ መዋል በሚችል ጉልበት ይገዛል። ለድሃው ብለን ያወጣነው ሕግ ነው እንላለን። ነገር ግን ከተማ ውስጥ አዲስ የገባ የቀን ሠራተኛ የሚያውቀው ባለሱቅ የለውም፤ ተሰልፎ ከዋለም የዕለት እንጀራው ይቀርበታል። እሱ ከሁሉም ይልቅ ያለው ያችው ጥቂት ብር ነበረች። እሷን ዋጋ የሌላት አደረግናት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህን ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከ1977 ዓ.ም. አጠገብ ሲቀመጥ የልጅ ጨዋታ ነው። ያን ዘመን ከመጻሕፍትና ከታላላቆቼ አፍ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታና በተወሰነ ዝቅተኛ ዋጋ እህል ይሰበስብ ነበር። የግል ነጋዴው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከጫነው ላይ ለድርጅቱ በተመን ያስረክባል፤ በየኬላው ይፈተሻል። አንዳንድ አካባቢማ ጭራሽ እንዳይነግድ ተከልክሏል። በርካሽ የተሰበሰበው እህል በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ሠራዊቱና በቀበሌ ሱቅ በኩል ወደ ከተማው ነበር። ዝናቡ ሲቀርና ጦርነቱ ሲከፋ፣ በሰሜን እህል እንደ እሳት ሲወደድ፣ ከዓባይ ማዶ ያለው የጎጃም እህል እንደ ልቡ ወደ ወሎ እንዳይሻገር የያዘው ውሃው ብቻ አልነበረም። ኮታውን የሚሞላበት ምርት ያጣ ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ እንደ ነበረም በዘመኑ ላይ የተጻፉ ጥናቶች ይናገራሉ። እስቲ ይህን አስቡት። የተራበ ሰው በሬውን ሸጦ እህል ይገዛል፤ እህሉን ግን አይበላውም፤ በ«ተመጣጣኝ ዋጋ» ስም ለጠገበ ሰው ይሰጠዋል። ነጋዴው በ«ኢኮኖሚ አሻጥር» ይወነጀል ነበር። ይህን ድርጊት የሚወነጅል ቃል ግን የዘመኑ መዝገበ ቃላት አልነበረውም። አሠራሩ የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ተመን ይነሣ፣ ነጋዴው ይለቀቅ፣ እህል ይመጣል ብለን ወደ ቤታችን እንገባ ነበር። ዳሩ ግን ከአሥር ዓመት በፊት የሆነው ነገር አያስገባንም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የደርግ ተመን ገና አልታሰበም፤ ኬላውም ኮታውም አልነበረም። ነጋዴው ነጻ ነበር። እህሉስ መጣ? ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ያሳየው የደሴን ገበያ ነው። ሕዝቡ በረሀብ እያለቀ ሳለ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ይህን ያህል አልናረም። ጭራሽ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር። ምክንያቱ እንቆቅልሽ አይደለም። የወሎ ገበሬ አዝመራው ሲጠፋ የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውም ጠፋ፤ ከብቱን ገበያ ሲያወጣ ሁሉም ስላወጣ ዋጋው ወደቀ። እጁ ባዶ ሆነ። ባዶ እጅ ደግሞ ዋጋ አያስጨምርም። ሴንን የተቹ ሰዎች የደሴ ዋጋ የገጠሩን አይናገርም፣ መንገድም አልነበረም ብለዋል፤ ትችቱ ክብደት አለው። ቢሆንም ፍሬ ነገሩን አያፈርሰውም። ቅድም ዋጋ ጥሪ ነው ብለናል። ጥሪ ነው፤ ግን የሚጣራው ለከፋይ ብቻ ነው። በወሎ የሚጣራ ሰው ሞልቶ ድምፅ ግን አልወጣም። ስሚዝም ረሀብን የሚያመጣው የመንግሥት ጣልቃ መግባት ብቻ ነው እስከ ማለት ሲደርስ አበዛው። የዘውዱ መንግሥት በወሎ ገበያ ላይ እጁን አላስገባም፤ ኃጢአቱ እጁን ማጣጠፉና ረሀቡን መሸሸጉ ነበር።

በእነዚያው ዓመታት በምዕራብ ሕንድ በማሃራሽትራ ግዛትም ዝናብ በተከታታይ ቀርቶ ምርቱ እጅግ ወድቆ ነበር። እዚያ የተደረገው ሌላ ነው። መንግሥት መንገድና ግድብ እያሠራ ለገበሬው ደመወዝ ከፈለ፤ ሥራው በበረታበት ወራት ሠራተኛው በሚሊዮን ይቆጠር ነበር። የመንግሥት የራሽን ሱቅም ነበር፤ ሁሉን የሚመግብ ግን አልነበረም። ደመወዙ የገበሬው እጅ ሲገባ ግን እህሉ ከሌላ ግዛት መጣ፤ እህል ከግዛት ወደ ግዛት ማዘዋወርን የሚከለክለው ደንብ እንኳ ነጋዴውን አላገደውም፣ በስውር ያስገባ ነበር። ሰው ተቸገረ፣ ከሳ፤ እንደ ወሎ ግን አላለቀም። ነጋዴው የወሎ ነጋዴ ወንድም ነው፤ ከእሱ የተለየ ጽድቅ የለውም። የተለየው ገዢው ነው።

ስለዚህ ነጋዴው ስንት ጠየቀ ከሚለው ጥያቄ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ልዩነቱን ማን ይክፈል የሚለው ነው። በረዶው ትናንት 2 ዶላር፣ ዛሬ 8 ዶላር ነው። ማዕበሉ የ6 ዶላር ዕዳ ጥሎ ሄዷል። ያ ዕዳ በአዋጅ አይሰረዝም፤ አንድ ሰው ይከፍለዋል። ተመን ስናወጣ ነጋዴው ይክፈለው ማለታችን ነው፤ እሱም ባለመምጣት ይገላገለዋል፤ ከዚያ በኋላ ኢንሱሊኑ የተበላሸበት ሰው ይከፍለዋል። ዝም ስንል ደግሞ ያለው ይክፈል፣ የሌለው ይሙት ማለታችን ነው። ሦስተኛው መንገድ ማዕበሉ ያልደረሰብን ሰዎች በግብር፣ በመዋጮ፣ በዕርዳታ እንክፈለው ማለት ነው። ከሦስቱ ይህ ብቻ ከእኛ ኪስ ይወጣል። በሌላ ሰው ኪስ መመጽወት የሚቀናን ለዚህ ይመስለኛል፤ የዋጋ ተመን ለሚያወጣው ሹምም፣ ለምናጨበጭበው ለእኛም ምንም አያስወጣንም።

ይህም መንገድ ቢሆን አልጋ በአልጋ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የተዘረጋው የሴፍቲኔት ፕሮግራም በየዓመቱ እህል ለሚያጥረው ገበሬ እያሠራ በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል ይከፍላል። ሲጀመር የቀኑ ክፍያ 6 ብር ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሲንር ክፍያው 8 ብር ሆነ። ቀደም ሲል ጥሬ ገንዘብ መቀበሉን የወደዱ ብዙ ገበሬዎች በዚያን ጊዜ፣ ብሩ ይቅርብንና ስንዴውን ስጡን አሉ። በጀቱን የሚጽፈው ሰው የእህሉን ዋጋ ለገበያው ለቆ የገበሬውን የቀን ጉልበት ግን በተመን አስሮት ነበር። በዚያ ዓመት ሱቁ የሚታሸግበት አካል ይፈለግ ቢባል ኖሮ የት ተሂዶ እንደሚታሸግ እንጃ።